አራቱ የጠመኔ መስመሮች

አንገቴ ላይ ያንጠለጠሉልኝ ካርድ «የታሪክ አማካሪ» ይላል። ሥራው ይህን ያህል የሚያደክም አይደለም፤ ፊልም በሚቀረጽበት ቦታ ጥላ ሥር ወንበር ይዞ ቁጭ ብሎ ስህተት መልቀም ነው። አክስቴ ሻሿን ወደ ኋላ ነው የምታስረው እንጂ አገጯ ሥር አይደለም እላለሁ። ብርጭቆውን ከእግሩ ትያዘው፣ ሆዱን ከጨበጠችው ወይኑ ይሞቃል እላለሁ። ምድር ቤት ስትገባ አታጎነብስም፣ ጣሪያው ለእሷ ቁመት ይበቃ ነበር፤ የሚያጎነብሱት ወንዶቹ ናቸው እላለሁ። ዳይሬክተሯ የልጅ ልጄ ልትሆን የምትችል ሴት ናት፤ የምለውን ሁሉ ትጽፋለች። «እማማ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር?» ትለኛለች። እኔም ልክ እንደ ሕፃን ደስ ይለኛል። በሰባ ስምንት ዓመቴ እንዲህ ያለኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

ፊልሙ የአክስቴ ታሪክ ነው፤ የእናቴ ታላቅ እህት። በዚያ ዘመን ሴት ወይን ትለቅማለች፣ ጠርሙስ ታጥባለች እንጂ ጠማቂ አትሆንም። ሴት የረገጠችው ምድር ቤት ወይኑ ይኮመጥጣል እያሉ ያወሩ ነበር፤ የሚያወሩት ደግሞ ተራ ሰዎች ብቻ አይደሉም፣ መነጽር ያደረጉ ነጋዴዎችም ጭምር እንጂ። ባሏ ሞቶ የወይን ተክሉና የድንጋይ ቤቱ በእጇ ሲቀር የባሏ ወንድሞች ሸጣ ትሄዳለች ብለው ቁጭ ብለው ጠበቁ። እሷ ግን ሻሿን አስራ ወደ ምድር ቤት ወረደች። በሦስተኛው ዓመት በጠርሙሱ ላይ የራሷን ስም ለጠፈች። ከእሷ በፊት ይህን ያደረገች ሴት አልነበረችም።

እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። እናቴ ስትሞት ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አክስቴ መጥታ እጄን ይዛ ወሰደችኝ፣ በቃ። አቅፎ መሳም የማታውቅበት ሴት ነበረች። ፍቅሯን የምትሰጠኝ በማንኪያ ነበር፤ ከእያንዳንዱ በርሜል አንድ ማንኪያ ቀድታ ታቀምሰኝና «ምን አገኘሽበት?» ትለኛለች። አንድ ቀን «እርጥብ ካልሲ» ብያት ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን ያንን በርሜል አስወጥታ አስደፋችው። ከዚያ ወዲያ አፍንጫዬን እንደ ራሷ አፍንጫ ታምነው ጀመር።

በርሜሎቹን የሚሠራላት አንድ ሰው ነበር። ሌሎቹ በርሜል ሠሪዎች «የባልሽ ወንድም መጥቶ ይፈርም» ሲሏት እሱ ብቻ «ወይኑ የሴት ይሁን የወንድ በርሜሉ አይጠይቅም» ብሎ በስሟ ሠራላት። ዝምተኛ፣ ጣቶቹ እንደ ሥር የተጣመሙ ሰው። ይህን ሰው ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ዞር ዞር ብዬ መናገር አልፈልግም፤ ስድሳ ዓመት ዞር ዞር ብያለሁ፣ ይበቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጨት ይጠጣል። በርሜል ውስጥ ያለ ወይን በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይጎድላል፤ ከላይ ባዶ ቦታ ከተፈጠረ አየር ይገባና ወይኑን ወደ አቼቶ ይለውጠዋል። ስለዚህ በየቅዳሜው ሰው ይወርዳል፣ የእያንዳንዱን በርሜል ውታፍ ይነቅላል፣ እስከ አፉ ይሞላዋል፣ ውታፉን በመዶሻ ይመልሳል፣ ከዚያም በበርሜሉ ፊት ላይ በጠመኔ አንድ መስመር ያሰምራል። መስመሩ ምስክር ነው። አክስቴ ምድር ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው መስመሮቹን ነበር።

አሥራ ስምንት ዓመት በሞላኝ ዓመት አክስቴ ሳንባዋን ታማ አንድ ወር ከአልጋ አልወረደችም። በርሜሎቹን ለእኔ ሰጠችኝ፤ አሥራ ሁለት ነበሩ። «ቅዳሜን ብቻ እንዳትረሺ» አለችኝ። እኔም አልረሳሁም፤ እያወቅሁ ነው የተውኩት። በከተማው አዲስ ሲኒማ ቤት ተከፍቶ ነበር፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ጓደኞቼ ሁሉ እዚያ ነበሩ። አንድ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ ወንድ ባቡር ጣቢያ ላይ ሴትን ትቶ የሚሄድበት ፊልም ነበር። አራት ቅዳሜ አየሁት፤ አራቱንም ቅዳሜ እዚያው ቦታ ላይ አለቀስኩ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይስ ነገ እሞላዋለሁ ብዬ ነበር። ነገ ዝናብ ሆነ፣ ከነገ ወዲያ ልብስ ማጠብ ሆነ። በሁለተኛው ላይ አንዴ አልፏል አልኩ። ከዚያ በኋላማ የምለውም አልነበረኝ።

ዓርብ ዕለት አክስቴ ከትራሷ ቀና ብላ ነገ እወርዳለሁ አለች። ሮጬ ወረድኩና የመጀመሪያውን ውታፍ ስነካው በጣቴ ወለቀ፤ ለካ አክስቴ ሳትታመም አብረን በሞላነው ጊዜ በጥድፊያ አላልቼ ትቼዋለሁ። ጣቴን ብሰድ ከአፉ እስከ ወይኑ አራት ጣት ጎድሏል። ሽታው ያን ጊዜም ነበረ። ያ አክስቴ የምታምነው አፍንጫዬ ነግሮኛል። እኔ ግን ሁሉንም ሞላሁ፣ ውታፎቹን መታሁ፣ ጠመኔውን አነሳሁና በእያንዳንዱ በርሜል ላይ አራት አራት መስመር አሰመርኩ። አራቱ በአንድ ቀን የተሰመሩ እንዳይመስሉ አንዱን ጠበቅ፣ አንዱን ላላ አደረግኩ፤ የፊተኞቹን ደግሞ በእርጥብ ጣት አደበዘዝኳቸው። እንዲህ ያለ ብልሃት ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። ለሙሌቱ እንዲህ ተጨንቄ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ከወራት በኋላ ወይኑ ሊቀመስ ሲወጣ ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ አቼቶ ሆነው ተገኙ። አክስቴ አልጮኸችም፤ በርሜል በርሜሉን አሽትታ ስትጨርስ ሳጥን ላይ ተቀመጠች። ውጭ ሰዎቹ «አላልንም?» ለማለት ከንፈራቸውን እየላሱ ነበር። ከዚያ ቀና ብላ በየሳምንቱ ሞልቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«መስመሩ ያውልሽ» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

መስመሩን አየች፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ወይኑ ጥሩ ከነበረ፣ ልጅቷም ከሞላች፣ የቀረው በርሜሉ ነው።

በርሜል ሠሪው ተጠርቶ መጣ። ሳንቃዎቹን በጣቱ መገጣጠሚያ አንኳኳ፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ሻማ ይዞ ከሥር ተንጋለለ። ምንም አላገኘም። ወደ እኔም ሳይዞር መስመሮቹን ቆጠረ፤ አንድም አልጎደለም። ሻማውን አጠፋና «እንጨቱን ሳልመርጥ ቀርቼ ይሆናል» አለ። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ እሰማለሁ። አፌን ለመክፈት ሁለት ቃል ይበቃኝ ነበር። አክስቴ ስሟን ማዳን ነበረባት፤ ለነጋዴዎቹ የበርሜል ጥፋት ነው አለች፣ እነሱም ቢሆኑ ከሴትዮዋ ይልቅ በርሜሉን መርገም አልከበዳቸውም። በሚቀጥለው ዓመት ከሌላ ሰው በርሜል ገዛች፣ ወይኗ ሽልማት አገኘ፣ ስሟ ገነነ። የእሱን በርሜል ግን ከዚያ ወዲያ ማንም አልገዛም። ለከብት ገንዳ ሲጠርብ አየሁት ብለው አወሩልኝ።

እንግዲህ ዳይሬክተሯ ባለፈው ዓመት ቤቴ መጥታ መቅረጫዋን ጠረጴዛዬ ላይ ስታስቀምጥ፣ ስለዚያ ዓመት ስትጠይቀኝ፣ እኔ ያለማመንታት «በርሜሎቹ ነበሩ» አልኳት። ሲደጋገም ውሸት ይለሰልሳል፤ እንደ ራሴ ስም ነው ከአፌ የወጣው። እሷ ግን ብልህ ናት። እንዲህ ያለ እጀ ወርቅ ሰው እንዴት ዘጠኝ በርሜል ያበላሻል ብላ አሰበች፣ አሰበችና መልሱን ራሷ ፈጠረችው። ስክሪፕቱን ሲሰጡኝ አርባ አንደኛው ትዕይንት ላይ ደረስኩ። በርሜል ሠሪው ከነጋዴዎቹ ጋር ይዶልታል፤ ከዚያ በቀጭን ወስፌ ከብረት ቀለበቱ ሥር ቀዳዳ ይበሳል፣ እየሳቀ። ያ ሰው ሲስቅ እንኳ አይቼው አላውቅም። ስለ ሻሽና ስለ ብርጭቆ ምላሴ የማያርፈው እኔ ስክሪፕቱን አጥፌ ጭኔ ላይ አኖርኩና ዝም አልኩ።

ዝም እንዳልኩ ልሞት እችል ነበር። ግን አናጢው መጣ።

ለፊልሙ የሚሆኑ በርሜሎች የሚሠራ ሰው ጠፍቶ፣ አፈላልገው አፈላልገው ያገኙት እሱን ነው፤ የበርሜል ሠሪውን ልጅ። ሰባውን አልፏል፣ ጸጉሩ ጥጥ ሆኗል። ኑሮው በርና መስኮት መሥራት ነው፣ የበርሜሉን ሙያ ግን ከአባቱ ተምሮታል። ከመኪናው ሲወርድ ገና በሩቁ አወቅሁት፤ ከአባቱ ጋር ቁርጥ ነው። አጠገቤ መጥቶ ኮፍያውን አውልቆ ሰላም አለኝ። ከዚያም እየተሽኮረመመ ጠየቀኝ።

«እትዬ፣ አባቴም ፊልሙ ውስጥ አለበት አሉኝ። እውነት ነው?»

«አለበት» አልኩ።

«ማነው የሚሆነው? መልከ መልካም ነው? አባቴ እንኳ መልኩ እንዲህም አልነበረ» አለና ሳቀ። ፊልሙ ሲወጣ የልጅ ልጆቹን ሁሉ ይዞ እንደሚመጣ፣ ከፊት ረድፍ እንደሚያስቀምጣቸው ነገረኝ። ሰባት ናቸው አለ። ሰባቱ ልጆች ከፊት ረድፍ ተደርድረው ታዩኝ፤ ቅድመ አያታቸው ወስፌ ይዞ እየሳቀ።

ትዕይንቱ ሐሙስ ሊቀረጽ ነው። ረቡዕ ጠዋት አናጢው በርሜል ወደሚገጥምበት መጋዘን ሄድኩ። መሬቱ የእንጨት ፍቅፋቂ በፍቅፋቂ ነው። ቀለበት በመዶሻ እያወረደ ነበር፤ በርሜሉን እየዞረ ይመታል፣ እየዞረ ይመታል። ተቀመጡ አለኝ፤ አልተቀመጥኩም። ከተቀመጥኩ ወሬ እንደምጀምር፣ ስለ አየሩና ስለ ጉልበቴ አውርቼ እንደምመለስ ራሴን አውቀዋለሁ። ቆሜ ነገርኩት። ስለ ሲኒማው፣ ስለ ውታፉ፣ ስለ አራቱ መስመር። ስለ አርባ አንደኛው ትዕይንትም ነገርኩት። አንድ ዙር ሲጨርስ ሌላ ዙር እየጀመረ፣ መዶሻው ሳይቆም ሰማኝ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ወይም አባቴ ንጹሕ እንደሆነ ድሮም አውቅ ነበር ይለኛል ብዬ ነበር። ለሁለቱም ተዘጋጅቻለሁ።

«አባቴ ግን የእሱ ጥፋት መሆኑን ያምን ነበር» አለኝ።

የገንዳ ሥራውን ሲጨርስ፣ ማታ ማታ፣ በየጊዜው አንድ አንድ በርሜል ይሠራ ነበር አለ፤ ለማንም አይሸጠውም። ውሃ ይሞላውና ደረቅ አሸዋ ላይ ያቆመዋል። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ አሸዋው የት ላይ እንደሚረጥብ ተንበርክኮ ይፈልጋል። አይረጥብም። በርሜሉን ይፈታውና እንደገና ይሠራዋል። ሚስቱ ተው ስትለው ጥፋቴን ሳላገኘው አልሞትም ይል ነበር፤ ሳያገኘው ሞተ።

ይህን ሲለኝ አልቀመጥም ያልኩትን ረስቼ ተቀመጥኩ። ስሙን ብቻ ያጠፋሁበት መስሎኝ ነበር የመጣሁት፤ ለካ ዕድሜውን ሙሉ ራሱን ሲመረምር እንዲኖር አድርጌዋለሁ። አናጢው መዶሻውን አስቀመጠ። አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየኝና እርስዎ ማለቱን ተወ።

«ሲታመም ወደ አክስትሽ ልኮኝ ነበር። በሩን የከፈትሽልኝ አንቺ ነሽ።»

ይህን አልነገርኳችሁም። ሁሉን እናዘዛለሁ ስል እንኳ ይህችን ለራሴ አስቀርቼ ነበር።

ከአቼቶው ዓመት በኋላ ስድስት ዓመት አልፏል። በር ተንኳኳ፣ ከፈትኩ፤ አንድ ጎረምሳ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። አባቱ ከአልጋ አይነሳም። ልኮት ነው የመጣው፤ ጥፋቱን እስካሁን አላገኘሁትም፣ ግን ከእጄ ነው፣ እመቤቲቱ ይቅር ይበሉኝ ብሏል አለኝ። አክስቴ በስተጓዳ ባለው ክፍል ጠርሙስ ላይ ስሟን እየለጠፈች ነበር። ብጠራት ኖሮ መደረቢያዋን አድርጋ እስከ ሰውየው አልጋ ድረስ ትሄድ እንደነበር አውቃለሁ፤ እንደዚያ ዓይነት ሴት ነበረች። ከሄደች ደግሞ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ያወሩ ነበር። ስለ እንጨቱ፣ ስለ ሙሌቱ፣ ስለ መስመሩ። ሁለት አዋቂ ባለሙያዎች አንድ ሰዓት ከተነጋገሩ እኔ ጋ ይደርሱ ነበር።

ስለዚህ ጎረምሳውን ቆይ ብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ኮሪደሩ ውስጥ፣ ከበሩ ጀርባ፣ ግድግዳውን ተደግፌ እስከ ሃያ ቆጠርኩ። ተመልሼ «ይቅር ብላዋለች በለው» አልኩት። ልጁ እጄን ሊስም ጎንበስ ሲል አልከለከልኩትም፤ ሳመኝ። አክስቴ ከውስጥ ማነው ስትለኝ ጠርሙስ የሚጠይቅ ሰው ነው አልኳት።

«አክስትሽ ሰምታ ነበር?» አለኝ አናጢው አሁን፣ በመጋዘኑ ውስጥ።

«አልሰማችም።»

«እስክትሞትም?»

«እስክትሞትም።»

ይቅርታ አድርግልኝ ልለው ፈለግኩ፤ ቃሉ ግን እኔ አፍ ላይ ያደፈ ሆኖ ተሰማኝና ዋጥኩት። በመጨረሻ ለዳይሬክተሯ ትነግሪያታለሽ አለኝ። እነግራታለሁ አልኩ። አሁኑኑ አለ። ተነስቼ ሄድኩ፣ እሱም ከኋላዬ መጣ።

ዳይሬክተሯ ስነግራት መጀመሪያ ፊቷ ጠቆረ፤ ስንት ቀን የደከሙበት ትዕይንት ነው። ትንሽ ቆይታ ግን ዓይኗ ሲበራ አየሁት። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ሥራዋ ነው። «እማማ፣ ይኼ እኮ ከእኛው ይበልጣል» አለችኝና እጄን ጨበጠችኝ። ነውሬ ጥሩ ትዕይንት ሆኖ ተገኘ። ወስፌውን አወጣች፣ በምትኩ ጠመኔውንና በሩን ጻፈች። ሐሙስ ወደ ሰኞ ተዛወረ።

ሰኞ ሁላችንም እዚያ ነበርን። አንድ በር አቁመዋል፣ ከበሩ ጀርባ ኮሪደር ሠርተዋል፤ የአክስቴ ቤት ግድግዳ እንኳ ያን ያህል ንጹሕ አልነበረም። እኔን የምትሆነው ልጅ ቆንጆ ናት፤ እኔ እንዲህ አልነበርኩም፣ ይሁን። አናጢው ከእኔ አጠገብ ወንበር ተሰጥቶታል። ከመጋዘኑ ወዲህ አላነጋገረኝም። ልጅቷ ኮሪደሩ ውስጥ እስከ ሃያ ቆጠረች፤ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። በሩን ከፍታ በተሰበረ ድምፅ «ይቅር ብላዋለች በለው» አለች። ካሜራ የያዘው ሰው እንኳ አፍንጫውን ሳበ። ዳይሬክተሯ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ዝም አልኩ። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ቢያዩኝ ወደድኩ፤ ቢያንስ ያኔም ጸጽቷት ነበር ይላሉ።

«አላለቀሰችም» አለ አናጢው።

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ።

«ፈገግ ብላ ነው የነገረችኝ። ደግ ፊት ነበራት። እየሮጥኩ ነው ቤት የገባሁት። አባቴ ስነግረው ተነስቶ ተቀመጠ፤ እንዴት አድርጋ ነገረችህ እያለ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። እኔም እየሳቀች ነው አልኩት።» ወደ እኔ አላየም፣ የሚያወራው ለልጅቷ ነበር። «እስኪሞት ድረስ አንቺን ነው የመረቀ። እኔንም ሲመርቀኝ እንደዚያች ልጅ ያለ ልብ ይስጥህ ነው ያለኝ።»

ዳይሬክተሯ ጠየቀችኝ፤ እንዲህ ነበር ወይ አለች። አዎ፣ ፈገግ ብዬ ነበር አልኳት።

ልጅቷ እንባዋን ጠረገች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ወደ በሩ ጀርባ ተመለሰች። ከዚያ በሩ ተከፈተ፣ ፈገግ አለችና «ይቅር ብላዋለች በለው» አለች። ጎበዝ ተዋናይት ናት፤ እኔ ራሴ አመንኳት።